ከቪየና ያመጣኋቸው ሙዚቀኞች

ጥር 7 ቀን 1989
ሥዕሎቼ ፍሬም ገብተው መጡ። ባለ አኮርዲዮኑ፣ ዓይነ ስውሯ ባለ ቫዮሊን፣ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ ዋሽንት የሚነፋው ሽማግሌ... ከቪየና ጉዞዬ ያተረፍኩት እነሱን ነው። አከራዬ እትዬ አልጣሽ አንድ በአንድ አዩና ምነው ለማኝ ብቻ ሣልክ አሉኝ። የጎዳና ሙዚቀኞች ናቸው ብዬ ተቆጣሁ። ለምን ተቆጣሁ?

ጥር 15
ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ቦሌ መንገድ ያለው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ። ከጋዜጣ የመጣችው ልጅ፣ የጎዳና ሙዚቀኛ እንዲህ የምትወደው ከምን የተነሳ ነው አለችኝ። ከቤተሰብህ የሚዘፍን አለ?

የለም አልኩ። አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ፣ እናቴ የቤት እመቤት... ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም። ወይ እኔ! እናቴ ላሊበላ ናት። ጎህ ሳይቀድ በየሰው ደጅ እየዘፈነች፣ ለምና ነው ያሳደገችኝ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ጥር 18
ሊነጋጋ ሲል በራችን ላይ ዘፈን ሰማሁ። ድምጿ! ኮተቤ ነው የምትኖረው፤ እዚህ መከራየቴን አልነገርኳትም። ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። ትሄዳለች ብዬ...

እትዬ አልጣሽ መስኮቴን አንኳኩ። የጎዳና ሙዚቀኛ ትወድ የለ፣ ፈረንጅ ብቻ ነው እንዴ የምትሥለው፣ ውጣና እይ እያሉ ይስቃሉ። እምቢ ብል ምን እላለሁ? ወጣሁ።

ዘበኛው ዱባለ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆሟል። አየችኝ። ዘፈኑ ለአፍታ ቆመ፣ ከዚያ ቀጠለች። አንድ ብር እጇ ላይ አኖርኩ... ለእናቴ! ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

"ይስጥልኝ ጌታዬ። እናትዎን ያኑርልዎ።"

በእኔ ፋንታ እትዬ አልጣሽ አሜን አሉ። ዱባለ በሩን ዘጋ።

ጥር 19
እርስዎ አለችኝ። ጡት ያጠባችኝ እናት... እኔን ከሰው ዓይን ልትሸሽግ።

ጥር 26
ባለ ቫዮሊኗ ተሸጠች። ሰው ሁሉ እንኳን ደስ ያለህ ይለኛል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምናለ።

የካቲት 2
ለእትዬ አልጣሽ ነገርኳቸው። ያቺ ሴት እናቴ ናት አልኩ። "ታዲያ ምነው ቁርስ እንኳ ሳትበላ ሄደች?" አሉኝ።

በጠራራ ፀሐይ ኮተቤ ሄድኩ። እማዬ ደጃፏ ላይ ጥጥ ትፈትላለች። ስታየኝ ደንግጣ ግራ ቀኙን አማተረች።

"በቀን ለምን መጣህ? ሰው ያይሃል።"

ይየኝ አልኳት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስከ አመሻሹ ድረስ ዋልኩ... ጀርባዬን ግን ለመንገዱ ሰጥቼ ነበር።