መሪው ላይ የለጠፍከው ገብርኤል

ደሬ፣ ታናሼ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው መስቀል አለፈ። ያለህበት ቦታ እንደ አሰላ ሐምሌ የማይበርድ እንዲሆን እየተመኘሁ ነው የምጽፍልህ። ፊደሌ እንደ ድሮው ነው፤ ከሱቅ መጠቅለያ ጋዜጣ ላይ ለቃቅሜ የተማርኩት ስለሆነ አሁንም ይንጋደዳል። "የአንተ ጽሑፍ ከጭላሎ ቁልቁል የሚሮጥ ፍየል ይመስላል" እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬም ሳቅ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ለጨዋታ አልተቀመጥኩም። ፈርቻለሁ፤ ይህን ደግሞ ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው የለኝም፤ ሌላው ሁሉ ገና አፌን ስከፍት ለመሳቅ ይዘጋጃል።

መጀመሪያ የቤትህን ልንገርህ። ሚስትህ ዘነበች ደህና ናት። ጥቁሩን ካወለቀች ቆየች፤ ፊቷ ላይ ያለው ግን ገና አልወለቀም። ልጅህ ምሕረት መንጃ ፈቃድ አውጥታ እሜቴ ብለህ የሰየምካትን መኪናህን የምትነዳት እሷ ሆናለች። ጠዋት የሰፈሩን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ማታ ትመልሳለች፤ ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ነው።

እሜቴን ያመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? አሮጌ ሚኒቫን ገዝተህ ሙሽራ ያስገባህ ነበር የምትመስለው። ጫማችንን አስወልቀህ ነው ያስገባኸን። በሳምንቱ ወንበሮቹን በቆዳ አሰፋህ፣ ዳሽቦርዱን ጠጉራም ጨርቅ አለበስክ፣ ከቁልቢ ያመጣኸውን የብረት ገብርኤል ደግሞ መሪው መሀል ላይ በማጣበቂያ ለጠፍክ። ከዚያ ቁልፉን እያዞርክ "እዩልኝ፣ አንድም ቀይ መብራት አይበራባትም!" አልክ። እኔም "ምን ሲባል ይበራባታል፣ ኩራዝ ናት እንዴ?" አልኩህ። ዘነበች እንኳ ሳቀች። እንግዲህ ያ መብራት ነው አሁን እንቅልፍ የነሳኝ።

ነሐሴ ላይ በቆጂ ለቅሶ ልንደርስ ወጣን። ምሕረት ትነዳለች፣ ዘነበች ጋቢና፣ እኔ ከኋላ። ሳጉሬን እንዳለፍን ጉሙ መንገዱን ዋጠው። እኔ እንደ ልማዴ፣ "ምሕረት፣ መንገዱ በየት በኩል እንደሆነ ወርደሽ ጉሙን ብትጠይቂው አይሻልም?" እላለሁ። "ጋሼ፣ ዝም ካላሉ እዚሁ አውርጄዎት ነው የምሄደው" አለችኝ። መልስ እያዘጋጀሁ ሳለ ገብስ የጫነ መኪና መብራቱን አጥፍቶ እንደቆመ ድንገት ፊታችን ተገተረ። ፍሬን ያዘች። እሜቴ ተንሸራታ ከኋላው ገባች።

ዘነበች ቀበቶ አስራ ስለነበር ደረቷን ብቻ አመማት። ምሕረት ግን ሁላችንም ትራፊክ ሲታይ እንደምናደርገው ቀበቶውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋው ነበር እንጂ አልቆለፈችውም። ግንባሯ ሄዶ መሪው ላይ አረፈ። ቀና ስትል የመልአኩ ክንፍ ቅንድቧ መሀል ላይ ታትሟል፤ ደም እንኳ ብዙ አልፈሰሳትም። ዘነበች ከመኪናው ወርዳ እዚያው ጭቃ ላይ እልል አለች። "በእጁ ያዛት! ማኅተሙን አኖረባት!" እያለች። እኔም አሜን አልኩ፣ ደሬ። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ከዚያ ወዲህ እሜቴ ታቦት ሆነች። ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰፈሩ ሁሉ ልጁን በእሷ ካልላክሁ አለ። ምሕረት ጠዋት ከመነሳቷ በፊት ገብርኤሉን በጣቷ ነክታ ትሳለማለች፤ ከኋላ ያሉት ሕፃናትም በየተራ ተንጠራርተው ይነካሉ።

ግጭቱ በደረሰ ሳምንት እኔ የተሰበረውን መብራቷን ላሠራ ወደ ገመቹ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ገመቹ ግጭቱን አየና "ኤርባጉ አልተከፈተም?" አለኝ። "የምን ባግ ነው?" አልኩት። ነገረኝ። መሪው መሀል፣ ልክ ገብርኤሉ ከተለጠፈበት ሥር፣ የታጠፈ ከረጢት አለ፤ ግጭት ሲመጣ እንደ ባሩድ ባለ ነገር ተነፍቶ የነጂውን ፊት ይቀበላል። ጠጉራሙን ጨርቅ ያለበስከው ዳሽቦርድ ውስጥም ሌላ አለ። "ሲያረጁ ያ ባሩድ ይበላሻል፣ ኦቦ ታዬ። አንዳንዱ እንደ እናንተው ጭራሽ አይከፈትም። አንዳንዱ ደግሞ ከልኩ በላይ ይፈነዳና የታሸገበትን ብረት ፊት ላይ ይበትናል። ውጭ አገር ፋብሪካው ራሱ መኪናውን አስጠርቶ ይቀይረዋል። እዚህ ማን ይጠራሃል?"

ቁልፉን አዞረና መብራቶቹን አሳየኝ። የኤርባጉ ቀይ መብራት ለአፍታ በርቶ መጥፋት ነበረበት። የእሜቴ ጭራሽ አይበራም። አንተ ከመግዛትህ በፊት አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሎታል። እኛ ጤና ነው ብለን የተኩራራንበት ነገር ለካ አፏ መታፈኑ ኖሯል።

"ታዲያ አሁን ይፈነዳል?" አልኩት። "እንጃ። ላይፈነዳ ይችላል። ነገ በትንሽ ግጭትም ሊፈነዳ ይችላል። ቢፈነዳ ግን ቀድሞ የሚወረወረው ይሄ ነው" አለና ወደ ገብርኤሉ ጠቆመኝ። ይህን ሲለኝ ምን አደረገ መሰለህ? የራሱን ፊት ከመሪው ወደኋላ ሸሸት አደረገ።

ለዘነበች ነገርኳት። "ደረጀ በእጁ ያኖረውን የሚያነሳ የለም" አለችኝ። ለምሕረት ነገርኳት። ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ እያሳየች "ጋሼ፣ ይህን አይተው ነው እንዲህ የሚሉት?" አለች። ሳቁብኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስቃቸው ኖሬ፣ በምን አንደበት የምሬን እንደሆነ ልንገራቸው?

ስለዚህ በማውቀው መንገድ ገባሁበት። ቁልፉን የበሶ ቆርቆሮ ውስጥ ደበቅኩት፤ ሲፈልጉ አብሬ ፈለግሁ። ዘነበች በሶ ስትበጠብጥ አገኘችው። ጎማ አስተነፈስኩ። ጎሚስታው አገላብጦ አየና "እህቴ፣ ይሄ ቀዳዳ የለውም፤ ሰው ነው ያስተነፈሰው" ብሎ ቀጥ አድርጎ እኔን አየኝ። "ጋሼ ታዬ በእርጅናቸው ጎማ ማስተንፈስ ጀመሩ" ተባለ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

መጨረሻ ላይ በሕልም መጣህልኝ ብዬ ዋሸሁ። "ደረጀ ገብርኤሉን ወደ ቤት አስገቡልኝ አለ" አልኳት። ዘነበችን ያዝኳት ብዬ ነበር። "ደረጀ እኔን ትቶ ወደ አንተ ሕልም አይሄድም" አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ስታለቅስ ሰማኋት። በዚህ ተቆጣኝ፣ ይገባኛል።

ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ አንድ ጠዋት ጉሙ እስከ ደጃፋችን ወርዶ ነበር። ልጆቹ ገብተዋል፤ ትንሿ የጎረቤታችን ልጅ ጋቢና ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች። ምሕረት ቦርሳዋን ልታመጣ ስትገባ እኔ ሄጄ የነጂው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ላስቃት አስቤ ነበር፤ "ዛሬ ሹፌሩ እኔ ነኝ" ልላት። ገብርኤሉ ፊት ለፊቴ ነው። ፊቴ ከእሱ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። የልጅህ ፊት በየቀኑ እዚህ ነው የሚቀመጠው አልኩ በልቤ። ከዚያ መሪውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ምሕረት መጥታ "ይውረዱ እንጂ፣ ረፈደብን" አለች። ቀልዱን ትቼ ፊቴን እንደ ገመቹ ከመሪው ወደኋላ አሸሸሁ።

ዘነበች ከበረንዳው ታየኝ ነበር። ቀስ ብላ መጣችና እጄን ከመሪው ላይ አነሳችው። "አንተ በደረጀ ቀብር እንኳ ቄሱን አስቀሃል" አለች። "ምን አይተህ ነው እንዲህ የሆንከው?" ያየሁትን ነገርኳት፤ የገመቹን ፊት፣ እንዴት እንደሸሸ። በዚህ ጊዜ የሳቀ አልነበረም። ልጆቹን በባጃጅ ላክናቸው።

ገመቹ መጥቶ ባትሪውን ፈታ፤ ውስጡ የቀረው ኤሌክትሪክ እስኪያልቅ ጥቂት መቆየት አለበት ብሎ አስጠበቀን። ዘነበች የመስፊያ ክር ይዛ መጣች። ሌላ ሰው አላስነካችም። ክሩን ከብረቱ ኋላ አሳልፋ ወዲያና ወዲህ እየሳበች፣ ማጣበቂያህን እንደ እንጨት ገዘገዘችው። "ይቅር በለኝ" እያለች ነበር፤ ለመልአኩ ይሁን ለአንተ አልጠየቅኋትም። ገብርኤሉ አሁን ከፎቶህ አጠገብ ነው።

ኤርባጎቹን አዳማ ያለ ባለሙያ አወጣቸው። በምትካቸው የሚገባ አዲስ አልተገኘም። ስለዚህ እውነቱን ልንገርህ፤ እሜቴ አሁን የሚፈነዳም፣ የሚያድንም የላትም። ምሕረት ከመንዳት በቀር ምርጫ የላትም፤ ቤቱ በምን ይብላ? እኔም ወንበሮቹን ያለበስከውን ቆዳ በመቀስ ቀድጄ ከሥሩ የተቀበሩትን የኋላ ቀበቶዎች አወጣኋቸው። ያን ያህል ያሳመርከውን ስለቀደድኩት ተቆጣ፤ ግን አልሰፋውም። ጋቢና ሕፃን አይቀመጥም።

ፍርሃቴ ግን አልወጣም። እሷ ወጥታ እስክትመለስ ድረስ የትኛውም ጥሩንባ ልቤን ይመታዋል። የመንገዱ ጉም አለ፣ ፍሬኑ አለ፣ መብራት አጥፍቶ የሚቆመው ሌላ ሰው አለ። እሜቴ ውስጥ ደግሞ ገና የማናውቀው ስንት ነገር ይኖር ይሆን?

ታናሼ፣ ሐውልትህ ላይ አበባ የማኖር ሰው እንዳልሆንኩ ታውቃለህ። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት የግቢውን በር የምከፍተው እኔ ነኝ። የልጅህ ቀበቶ ጠቅ ሲል፣ ከኋላም አንድ በአንድ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ካልሰማሁ መቀርቀሪያውን አልስብም። ቢያለቅሱ፣ ቢረፍድባቸው፣ ቢሰድቡኝም አልስብም። እስከምችለው ድረስ በየቀኑ የማስብህ እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው።

ወንድምህ ታዬ