ያሰናበቷትን ልጅ ፍለጋ የሄዱት መምህርት ጊትል ዋክስማን

ወይዘሮ ጊትል ዋክስማን ከአባታቸው ከሥጋ ሻጩ ከአቶ ዛንቪል ሮትባርትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሂንዳ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1938 በባልቲሞር ከተማ ተወለዱ። በአይሁድ የሴቶች ትምህርት ቤት ተምረው፣ በ1959 በመምህርነት ተመርቀው፣ እዚያው የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ ሆኑ። በ1960 ሰዓት ጠጋኙን አቶ አንሼል ዋክስማንን አግብተው ሁለት ወንዶች ልጆችንና ይህን የምጽፈውን እኔን፣ ሴት ልጃቸውን ፔስያን፣ ወለዱ።

የሚከተለው እንዳይዘለል እናታችን አጥብቀው አዘዋል። በ1967 ሺፍራ የምትባል የሰባት ዓመት ተማሪያቸው ፊደል አልያዝ አላት። ጠዋት ዕብራይስጡ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከሰዓት በኋላ እንግሊዝኛው ከግራ ወደ ቀኝ ሲነበብ፣ ልጅቷ ከሁለቱም ሳትሆን ቀረች። እናታችን የሺፍራን እናት ወይዘሮ ሬይዝልን አስጠርተው፣ «ልጅሽ ሰነፍ ናት፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት ይሻላታል» አሏቸው። ሬይዝል «እዚያ ጸሎቷን ማን ያስተምራታል?» ብለው ቢጠይቁም፣ ሺፍራ ከጓደኞቿ ተለይታ ሄደች።

በ1971 ያው ችግር በእኔ በፔስያ ላይ ታየ። ርእሰ መምህሩም እናታችን ለሬይዝል የተናገሩትን አንድ ቃል ሳያጎድሉ ለእሳቸው ደገሙላቸው። በሳምንቱ እናታችን የሬይዝልን በር አንኳኩ። ሬይዝል በሩን ገርበብ አድርገው፣ «አሁን ገባሽ?» አሏቸው።

«ገባኝ።»

«በራስሽ ልጅ ሲደርስ ነው የገባሽ።»

እናታችን ከደጃፉ አልሄዱም። በመጨረሻ ሬይዝል፣ «የምታስተምሪ ከሆነ በእኔ ልጅ ጀምሪ» አሏቸው።

እናታችን ሥራቸውን ለቀው ማንበብ የሚከብዳቸውን ልጆች የማስተማር ሥልጠና ወሰዱ። በ1972 በምኩራቡ ምድር ቤት ሺፍራን ጨምሮ በስድስት ልጆች ጀመሩ። ፊደሉን በአሸዋ ላይ በጣት እያስጻፉ፣ ድምፁን እያስጠሩ ቀን ከቀን ደከሙ። ሆኖም «ልጆቻችንን ለይታ ታሰድባለች» የሚል አቤቱታ ለምኩራቡ ኮሚቴ ደረሰ። ኮሚቴውም በሰኔ 1974 ልጆቹ ቀርበው እንዲያነቡ፣ ካቃታቸው ክፍሉ እንዲዘጋ ወሰነ።

መጀመሪያ ሺፍራ ተነሣች። መዝሙረ ዳዊት ተከፈተላት። ጣቷን የመጀመሪያው ቃል ላይ አሳርፋ ዝም አለች። ዝምታው ሲረዝም ከኮሚቴው ሽማግሌዎች አንዱ ቃሉን ሊነግሯት አፋቸውን ከፈቱ።

«እባክዎ ይተዉአት» አሉ እናታችን።

ሺፍራ ላብ እያጠመቃት ስድስት ቁጥር በአሥራ አንድ ደቂቃ ጨረሰች።

«በጣም ትዘገያለች፣ ወይዘሮ ዋክስማን» አሉ ሰብሳቢው።

«አዎ፣ ትዘገያለች። አነበበች ወይስ አላነበበችም?»

ሰብሳቢው መጽሐፉን ዘጉ። «አንብባለች።»

ክፍሉ ተረፈ፤ በ1983 ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ሆነ። እናታችን ግን ያን ቀን እንደ ድል አያወሩትም ነበር። የሚቆጫቸው ከሺፍራ ዕድሜ የባከኑት አምስት ዓመታት ነበሩ። ከስድስቱ ልጆች አንዱ፣ ዛሬ ዳቦ ጋጋሪ የሆነው ፊሼል፣ ማንበብ ሳይሆንለት ቀርቷል። እሱንም አልተዉትም፤ ጸሎቱን በቃሉ እስኪይዝ ድረስ ዓመታት አስጠንተውታል።

እናታችን ከ2017 ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ኅዳር 12 ቀን 2019 በሰማንያ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸው አቶ አንሼል፣ ሦስት ልጆቻቸውና ዘጠኝ የልጅ ልጆቻቸው በሐዘን ተቀምጠዋል።

ነፍሳቸው በሕይወት ማሰሪያ ውስጥ የታሰረች ትሁን። ፈጣሪ ሳያውቁ የበደሉትን ይተውላቸው፤ አውቀው የካሱትን ይቀበልላቸው።