በረዶ የለበሰች ቤት

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽና ልጆችሽስ ደህና ናቸው? እኔ ከዚህ ከሰሜን ዳኮታ ብርድ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባሌ ክላይድ ከሞተ በኋላ ቤታችንን ሸጬ በመኪና የሚጎተት ቤት ውስጥ ልኑር ስል፣ «የገና በዓል ሳይደርስ በብርድ ደርቀሽ ትገኛለሽ» ብለሽኝ ነበር። የኋላ ክፍልሽን ቀለም አስቀብተሽ እንደምትጠብቂኝ አውቃለሁ። ግን የሰው ቤት፣ የእህትም ቢሆን፣ የሰው ቤት ነው። ይህቺ ብትጠብም የራሴ ናት። ብርዱን ካልቻልኩት ግን እጄን ሰጥቼ ወደ አንቺ መምጣቴ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ የወለሉ ቅዝቃዜ እግሬን ሲቆርጠኝ ጊዜ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ነበር።

መቼም ከመሄዴ በፊት አንድ ደግ ልሥራ ብዬ ጉድ ሠራሁ። ጎረቤቴ ኦርቪን ሃውገን፣ በተጎታች ቤቶቹ መንደር ቁጥር ስምንት ላይ ያለው፣ ወገቡን ታሞ ተኝቷል አሉኝ። በተጎታች ቤቱ ዙሪያ በረዶ ተቆልሏል። አሳዘነኝና በአካፋ ጥርግ አደረግሁለት። በማግስቱ ጠዋት በሬን አንኳኳ። ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ ጸጉሬን አበጥሬ ከፈትኩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምን በደልኩሽ?» አለኝ።

ለካ በረዶውን የቆለለው ራሱ ነው! ነፋስ ከወለሉ ሥር ገብቶ የቧንቧውን ውሃ በረዶ እንዳያደርግበት፣ እዚህ የከረመ ሰው ሁሉ ቤቱን በረዶ ያለብሳል። እኔ አራቁቼበት የቧንቧው ውሃ ድንጋይ ሆኗል። በሃፍረት አለቀስኩ። እሱ ግን «እንባሽን አታባክኚው፣ ይረጋብሻል። ይልቅ የጸጉር ማድረቂያ አለሽ? እኔ እንደምታይኝ መላጣ ነኝ» አለኝ።

በሆዳችን ተኝተን ቧንቧውን ስናሞቅ ዋልን። ውሃው ሲፈስ እንደ ልጅ አጨበጨብን። በረዶውን መለስንለት፤ ከዚያ ወገቡን እየያዘ የእኔንም ቤት አለበሰልኝ። ትሰድቢኝ ይሆናል እንጂ፣ ክላይድ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። አሁን ወለሉ ይሞቃል። ሻንጣዬንም ፈትቼዋለሁ።

በሚያዝያ መጥቼ እወስድሻለሁ ብለሽኛል። ነይ፣ ግን ለመውሰድ ሳይሆን ለመጠየቅ። ክፍሉን ለልጅሽ ስጫት። ስትመጪ የቁጥር ስምንት ቦታ ባዶ ቢሆን፣ ሰውዬው ምን አገኘው ብለሽ አትደንግጪ። የእኔን በር አንኳኪ። የሚከፍትልሽ መላጣ ከሆነም ቤት አልተሳሳትሽም።

ጉልበትሽን ይማርልሽ፤ ቤትሽ ሙቀት አይጣ።

ታላቅ እህትሽ