ስም፣ ግስ፣ ቅጽል እና የእናቴ መደብ

ሚያዝያ 18፣ ጠዋት
ዛሬ ስም። ትናንት ቅጽል ነበር፣ ከትናንት ወዲያ ተውሳከ ግስ። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በየክፍላቸው ጽፌ እየሸመደድኩ ነው፤ ልጅ ሆኜ መድረሳ ቁርአን በያዝኩበት አያያዝ፣ እየተወዛወዝኩ። የዶርም ጓደኛዬ ትዕግሥት፣ የአረርቲዋ፣ አይታኝ ሳቋን ለቀቀችው። ትሳቅ። የደብረ ብርሃን ብርድ ለእኛ ለቆለኞች አልተሠራም፤ መወዛወዙ ቢያንስ ያሞቃል።
ማስታወሻዬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ፈርቻለሁ። የሪሚዲያል ፈተናው ሰኔ ላይ ነው። ሌላውን እወጣዋለሁ። እንግሊዝኛ ከጣለኝ ግን ዩኒቨርሲቲ የሚባል ነገር የለም፣ ወደ አሊዩ አምባ መመለስ ነው። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴ በርበሬና እርድ ሸጣ ነው እዚህ ያደረሰችኝ።

ሚያዝያ 22፣ ከሰዓት
የሙከራ ፈተናው ውጤት ተነገረ። ወደቅኩ። ወላሂ ከሸመደድኩት አንድም አልረሳሁም! ዋተር ስም ነው፣ ስም ብዬ ጻፍኩ። ለካ ዓረፍተ ነገሩ ችግኞቹን ውሃ አጠጣ ነው የሚለው። ግስ ነው ተባልኩ። ቡክም መጽሐፍ መሆኑን ትቶ መኝታ ክፍል መያዝ ሆኖ ቁጭ። የሚታመን ቃል ጠፋ።
መ/ር ደረጀ ከክፍል ስንወጣ አስቀረኝ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቃልን ለብቻው አትያዢ፣ የት እንደተቀመጠና እዚያ ምን እንደሚሠራ እዪ አለኝ። ገባሽ ወይ ሲለኝ አዎ አልኩ። ምንም አልገባኝም። ደደብ ነኝ መሰለኝ። በአማርኛ ግሱ መጨረሻ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል፤ ይኼኛው መሀል ለመሀል ይዞራል።

ሚያዝያ 25
ቤት ደወልኩ። ታናሼ ሩቅያ አነሳች። እናቴ ወድቃ ወገቧን ከተጎዳች ጀምሮ ገበያ የምትወጣው እሷ ናት። ግድ ነው። እኛ ጋ የገበያ መደብ ወረቀት የለውም፤ የሚቀመጥበት ሰው ነው ባለቤቱ። ባዶ ከዋለ በሚቀጥለው ገበያ ሌላ ሰው ዘንቢሉን ያሳርፍበታል፣ ማንም አይፈርድልሽም። እናቴ እኔን አርግዛ እንኳ የተቀመጠችበት ቦታ ነው።
ሩቅያ ስምንተኛ ክፍል ናት፤ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። ከት/ቤት የምትቀረው በገበያ ቀን ብቻ እንደሆነ ነገረችኝ። አልሃምዱሊላህ። ስለ እንግሊዝኛዬ ጠየቀችኝ። ጥሩ ነው ብዬ ዋሸሁ።

ግንቦት 2
ወ/ሮ ሐሊማ፣ ገበያ ላይ ከእናቴ ጎን የሚቀመጡት፣ ለሕክምና እዚህ መጥተው ነበርና ላያቸው ሄድኩ። ሩቅያን አወድሰው አልጠገቡም። እንዴት ያለች ነጋዴ ወጣት፣ ገበያው ሁሉ ቅመም ነጋዴዋ ነው የሚላት አሉ። ት/ቤትስ አልኩ። ካቆመች ሰንብታለች፣ አልነገረችሽም እንዴ? አሉኝ። በሌላውም ቀን በርበሬ ስትደልዝና ስታስፈጭ ነው የምትውለው። ዳይሬክተሩ ይህን ሳምንት ካልተመለሰች ከተፈታኞች ትሰረዛለች ብሏል። እኔ እንዳልሰማ እናቴን የለመነቻት እሷው ናት ለካ።
ስመለስ መንገዱን አላየሁትም። ሩቅያ ያችው ሩቅያ ናት፤ ስሟም መልኳም አልተለወጠ። ክፍል ስትቀመጥ ተማሪ ነበረች፣ መደቡ ላይ ስትቀመጥ ነጋዴ ሆነች። የመ/ር ደረጀ ነገር ገባኝ። በዚህ መንገድ ከሚገባኝ ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

ግንቦት 4
የቃል ክፍሎች መልመጃ። አንድም አልሳትኩም። መ/ር ደረጀ ደስ ብሎት ለክፍሉ አሳየ፣ ትዕግሥት አጨበጨበችልኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ካለፍኩ እኔ ገና ዓመታት እማራለሁ፣ እሷም ያንኑ ያህል ትቀመጣለች። ከወደቅኩ ደግሞ በከንቱ ተቀመጠች። ያ አላህ፣ የቱን ልመኝ?

ግንቦት 5፣ ከመግሪብ በፊት
ደወልኩላት። ት/ቤት ሰልችቶኛል፣ ገበያው ይሻለኛል ትላለች። ውሸቷን ነው። ዩኒፎርሟን አጥባ ሳታሰጣ የማትተኛ ልጅ! እኔ ልምጣ ስል እናቴ ስልኩን ተቀብላ አለቀሰች፣ እንዳትመጪ ብላ በአላህ ስም ለመነችኝ።
የተማሪዎች ቢሮ ሄጄ ፈቃድ ጠየቅኩ። ከክፍል የቀረ አይፈተንም፣ የቤተሰብ ችግርም ቢሆን። የቢሮዋ ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።
እራት አልበላሁም።

ግንቦት 6፣ ጠዋት፣ መናኸሪያ
ሻንጣዬን ስይዝ ትዕግሥት አልሳቀችም። ጋቢዋን አለበሰችኝ፣ ቆላ ምን ያደርግልኛል ብላት አልሰማ አለች። መ/ር ደረጀን አልተሰናበትኩም፤ ካየሁት እቀራለሁ።
የአንኮበሩ መኪና ውስጥ ነኝ። ከዚያ ቁልቁለቱን ወደ ቤት። ነገ ገበያ ነው።
አሁን ሩቅያ ደወለች። መናኸሪያ ያዩኝ ወ/ሮ ሐሊማ መምጣቴን ነግረዋታል። እትዬ እባክሽ ተመለሺ፣ ቦታውን ይዤልሻለሁ አለችኝ። ታላቅ እኔ ነኝ፣ የእናቴ ቦታ የሚደርሰው ለእኔ ነው፣ ነገ ተነሺልኝ አልኳት። ዩኒፎርምሽን ለብሰሽ ልይሽ። እያለቀሰች ነው። ከዚያ፣ ሚኒስትሪ ላይ እንግሊዝኛው ይከብደኛል፣ ብዙ አምልጦኛል አለችኝ።
እኔ አስተምርሻለሁ፣ አሁን ገብቶኛል አልኳት። መኪናው ሞላ፣ ረዳቱ በሩን ዘጋው።