እንዳላማው ያነሣው ድንጋይ

ደብረ ማርቆስ፣ ሰኔ 2003 ዓ.ም.

ውድ ልጄ እየሩስ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እናትሽ ደህና ናት። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃው ወንድ ነው። ክረምቱ ገብቶ ሰፈራችን እንደ ልማዱ ጭቃ ሆኗል። እኔም በጤናዬ ደህና ነኝና አትደንግጪ። በሌላው ግን ደህና አይደለሁም።

ይህንን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። አንድ ቀን አንሥተሽ «አባዬ፣ ምነው ድምፅህ?» ስትይኝ «ጉንፋን ነው» አልኩና ስለ ጥጃው አወራሁልሽ። ሌላ ቀን ደግሞ ልጀምር ስል ኔትወርኩ ተቆረጠ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሲቆረጥ ደስ አለኝ። ዕድሜ ልኩን ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲለፈልፍ የኖረ ሰው ለገዛ ልጁ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገር አቃተው። ስለዚህ ወረቀት አነሣሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮምፒውተሩ ነው። ጥቅምት ላይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከመመለስሽ በፊት አንቲ ቫይረስ ጫንሽልኝ። ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ የጋሻ ሥዕል በጣትሽ እያሳየሽ፣ «አባዬ፣ ይቺን እንዳትነካት። ዘበኛህ ናት። የሰው ፍላሽ ስትሰካ እሷ ትፈትሽልሃለች» አልሽኝ። አልነካትም ብዬ ቃል ገባሁልሽ።

ግን ልጄ፣ ዘበኛሽ አስመረረችኝ። የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ እንዳዘጋጅ እኔ ተመርጬ አልነበር? ግማሹን አንድ ጽሕፈት ቤት ይተይቡልኛል፤ ግማሹን እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በሁለት ጣቴ እለቅማለሁ። ታዲያ ፍላሹን ከዚያ አምጥቼ በሰካሁ ቁጥር ዘበኛዋ ትጮሃለች፣ ቀይ መስኮት ይከፈታል፣ የደከምኩበት ጽሑፍም ድራሹ ይጠፋል። በእንግሊዝኛ አደጋ አገኘሁ ትለኛለች። እኔ የማየው ግን «የቀብር ሥነ ሥርዓት» የሚለው ምዕራፌ መቀበሩን ነው።

በቃ ትውጣልኝ ብዬ ተነሣሁ። ማስወገጃውን ፈልጌ አገኘሁት። «በእርግጥ ልታስወግደኝ ትፈልጋለህ?» ትላለች። አዎ እላለሁ። «እርግጠኛ ነህ?» ትላለች። አዎ አልኩሽ እኮ! «እንግዲያው ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣ» ትላለች። ጠፍቶ ይነሣል፤ እሷም አብራ ትነሣና ጋሻዋን ይዛ ከሰዓቱ አጠገብ ቁጭ ትላለች። ያለችበትን ፎልደር አግኝቼ ልሰርዘው ስል ደግሞ «ፈቃድ የለህም» አለችኝ። እናትሽን ጠርቼ፣ «የብርጓል፣ ነይ ተመልከች፤ በገዛ ቤቴ ፈቃድ የለህም ተባልኩ!» ብላት፣ «ልጅህ ያስቀመጠችውን ለምንድን ነው የምትነካካው?» ብላኝ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ኮምፒውተር ጠጋኙን አበረን ታውቂው የለ? ለሁሉም በሽታ መድኃኒቱ አንድ ነው። «ጋሼ፣ ፎርማት ነው መፍትሔው፤ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን» አለኝ። ቁንጫ ገባ ተብሎ ቤት ይቃጠላል ወይ ብዬ ተቆጣሁት። ከዚያ ሌላ አንቲ ቫይረስ ብጭንባት ታባርርልኛለች ብዬ ሌላ ጫንኩ። ሁለቱ ተያያዙና ኮምፒውተሩ በመሃላቸው ቀጥ ብሎ ቀረ። በመጨረሻ አበረ እኔን ማስተናገድ ሲሰለቸው፣ «ሲነሣ ኤፍ ስምንትን ይጫኑ፤ ሴፍ ሞድ ውስጥ ይግቡ፤ እዚያ አቅም የላትም» ብሎ ምሥጢሩን ነገረኝ። እንዳለው አደረግኩ። ሁለቱም ወጡልኝ። ጋሻዋ ከሰዓቱ አጠገብ ስትጠፋ የደጃፌን ጠላት ያባረርኩ ያህል ተኩራራሁ። እድር ላይ ሳይቀር አወራሁት። ለእናትሽም «አሸነፍኳት» አልኳት። ላንቺ ብቻ አልነገርኩሽም።

ደንቡ ያለ አንዳች ጩኸት ተከፈተ። ትንሽ ሰንብቶ ግን ፎልደሮቼ ሁሉ ሥዕላቸው ላይ ቀስት ቀስት አበቀሉ። አንዳንዱ ይከፈታል፣ አንዳንዱ አይከፈትም። እርጅና ነው አልኩ፤ የሱ ይሁን የኔ ግን አልለየሁም።

ለፋሲካ መጣሽ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን በፍላሽ ይዘሽ ነበር፤ ሌላ ቅጂ እንደሌለው አላወቅኩም። «የምስጋናውን ገጽ ላሳይህ» ብለሽ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥሽ። ፍላሹን ልትሰኪ ስትይ ቆም አልሽና፣ «አባዬ፣ አንቲ ቫይረሱ ይሠራል አይደል?» አልሽኝ።

«ይሠራል እንጂ!» አልኩሽ።

በደሌ ይቺው ናት ልጄ። ሌላው ሁሉ ከሷ የተወለደ ነው። ቃሌን አፈረስኩ ማለት አፍሬ ነው፤ በዓመት በዓል ልጄ ፊት ሞኝ ላለመባል። አንቺ ጋሻዋ ከቦታዋ መኖሯን እንኳ ሳታዪ አመንሽኝና ሰካሽ። «ፊደል ላስቆጠረኝና ለእውነት እንድቆም ላስተማረኝ አባቴ» የሚለውን አነበብኩ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ ደስታ መሰለሽ። ደስታም ነበረበት።

ከተመለስሽ በኋላ የደወልሽልኝን ቀን አልረሳውም። «ጠፍቷል አባዬ፣ አንዱም አይከፈትም» ብለሽ አለቀስሽ። ልቤ ወዲያው አውቆታል። አፌን ሳልከፍት ግን አንቺ ቀጠልሽ። «ከዜማ በቀር ማንም አልነካውም። ከቤት የተመለስኩ ዕለት ተውሳኝ ነበር። አማካሪያችን የኔን ሥራ ሲያመሰግን ፊቷ ጠቁሮ ነበር፤ በቅናት ነው» አልሽኝ። ዜማ! የአምበሯ ዜማ፣ የዶርም ጓደኛሽ፣ ከአንድ ገበታ የምትበሉት፣ መስቀልን እናት አባቷ ቤት ሄደሽ ያከበርሽው። «አባዬ፣ ሰው እንዲህ ያደርጋል?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።

«ሰው ክፉ ነው ልጄ» አልኩሽ።

አንቺ ክፍል ቀየርሽ። ዶርሙ ሁሉ ዜማ በቅናት የጓደኛዋን ድካም አጠፋች ብሎ አወራ። አንቺም ጽሑፍሽን የምታቀርቢበት ቀን ዐለፈብሽና ከእኩዮችሽ ጋር ሳትመረቂ ልትቀሪ ነው። እኔ ደግሞ ነገ እነግራታለሁ፣ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ትንሽ ትረጋጋ እያልኩ ለራሴ ቀጠሮ ስሰጥ ከረምኩ። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ የተባለው ለካ በምክንያትም ይሠራል።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሰን ቁጭ እንዳልን በር ተንኳኳ። እናትሽ ልትከፍት ወጥታ «ኧረ በስመ አብ!» ስትል ሰማሁ። ወጣሁ። የዜማ አባት እንዳላማው ነው። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ከበራችን ቦይ ያለውን ድንጋይ አንሥቶ አንገቱ ላይ አድርጎ፣ የበደለ ሰው እንደሚያደርገው ጎንበስ ብሎ ዝናብ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ ሙላት፣ ስለ እግዚአብሔር ብለው ይማሩን» አለኝ መሬት መሬቱን እያየ። «ልጅቱ አላጠፋሁም ብላ ትምላለች። እኔ ገበሬ ነኝ፣ የኮምፒውተር ነገር አላውቅም፤ ሳታውቀው አጥፍታም ይሆናል። የእየሩስ ድካም ግን ጠፍቷል። የጠፋ ነገር ባለቤት ይሻል፤ እኔ ልሁን። ልጄ ሰው ፊት አልቆምም፣ ምረቃውም ይቅርብኝ ብላለች። እህትማማች ነበሩኮ ጋሼ።»

አንደኛው ሽማግሌ ቀጠሉ። «መምህር፣ እርስዎ የስንቱን ጠብ አብርደዋል። የቤትዎን እንዴት ያቅትዎታል?» አሉኝ።

መናገር የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ስንት ዘመን ሳስታርቅ አፌ የለመደው ቃል ነው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩና ድንጋዩን ከአንገቱ አወረድኩለት። ገባሽ ልጄ? ያጠፋሁት እኔ፣ ያላጠፋውን ሰው ማርኩት። ጉልበቴን ሊስም ሲል ይዤ አቀፍኩት፤ ጋቢው በዝናብ ርሶ ከብዷል። ገብተው ካለችን የጾም ወጥ ቀመሱ። ሽማግሌዎቹ ቤትህ ይባረክ ብለው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» እያልኩ ስንቱን ባለጉዳይ አሳፍሬበት ነበር።

ሸኝቻቸው ስመለስ እናትሽ ገበታውን እያነሣች ነበር። ቀና ሳትል፣ «ሙላት፣ ያቺ ጋሻ ከወጣች ስንት ጊዜዋ ነው?» አለችኝ።

ጋቢዬን ማጣጠፍ ጀመርኩ።

«ለፋሲካ ይሠራል ስትላት ሰምቼ እኔም ዝም ብያለሁ። ጥፋቱ ለእኔም ይደርሰኛል» አለች። «ያ ሰው ግን ዝናብ ላይ ቆሞ ነበር።» ከዚያ በኋላ በወጉ አላነጋገረችኝም።

በማግስቱ አበረን አስመጣሁት። ምናልባት ጥፋቱ የኔ አይሆን ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ፤ ሰው ክፉ ነው ብዬሽ የለ? ኮምፒውተሩን ገና ከፍቶ እንዳየው ራሱን ነቀነቀ። «አበረ፣ እዚህ ላይ ፋሲካ የተሰካ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ሊወጣ ይችላል?» አልኩት። «ይችላል ምን ማለት ነው ጋሼ? ሳይዝ አይወጣም» አለኝ። በቃ፣ ያው ነው። ያን የሱን ፎርማት አድርግ አልኩት። ጋሻሽም ተመልሳ ቦታዋ ላይ ተቀምጣለች፤ ስትጮህ እሰማታለሁ።

አሁን የምለምንሽ ነገር አለኝ። ይህንን ደብዳቤ አንቺ ዘንድ ብቻ አታስቀሪው። ለዜማ ስጫት፤ ታንብበው። ከዚያ ወደ ድሮ ክፍልሽ ሂጂና በቅናት ነው ስትያቸው ለሰሙት ልጆች ሁሉ አንብቢላቸው። አባቴ ዋሽቶኝ ነው በያቸው። ስሜን ለመሸፈን ብለሽ አታለሳልሺው። ለምረቃው አጠገቧ ቁሚ፤ እሷ እምቢ ብትልሽ እንኳ እዚያው ቁሚ። ከምስጋናው ገጽ ስሜን ሰርዢው አልልሽም፤ እሱም ሌላ መኩራራት እንዳይሆንብኝ። አንቺ የምታውቂውን አድርጊ።

ይቅር በይኝ ለማለትም ገና ነኝ። አንቺን ከመለመኔ በፊት እንዳላማውና ልጁ አሉ።

ቅዳሜ በጠዋት ወደ አምበር እሄዳለሁ። ሁለት ሽማግሌዎች ለምኛለሁ፤ አንተም ሽማግሌ ያስፈልግሃል ወይ ብለው ሳቁ፣ ነገሩን ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። ድንጋዩን በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ይዤው ልሄድ ነው። እናትሽ ስቋጥር አይታኝ ከእሑድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገረችኝ። «አምበር ድንጋይ የጠፋ መስሎህ ነው ከዚህ የምትሸከመው?» አለችኝ።

«የኔ ይሄኛው ነው» አልኳት።

ከመቋጠሬ በፊት አንገቴ ላይ አድርጌ ሞክሬው ነበር። ከሳሎን እስከ በራችን እንኳ አልደረስኩበትም፤ አወረድኩት። እንዳላማው እሱ ተናግሮ፣ ሽማግሌውም ተናግረው፣ እኔ አፌን ከፍቼ ያንን ቃል እስክል ድረስ ተሸክሞት ቆሟል። ሳያጠፋ።

አባትሽ ሙላት