ቄጠማ ያነቀው በረዶ መጥረጊያ

ሎስ አንጀለስ፣ ጃንዋሪ 13 ቀን 2026

ለፌርፋክስ መንገድ ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ማኅበር
የሽምግልና ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለክቡር አቶ ብርሃኑ

ጉዳዩ፦ ለቀረበብኝ ክስ መልስ ስለመስጠትና ማሽኔ ዛሬውኑ እንዲለቀቅልኝ ስለመጠየቅ

1. አቶ አድማሱ «ወ/ሮ ውብነሽ የተበላሸ በረዶ መጥረጊያ ሰጥተውን የገና በዓላችንን አበላሹብን» ሲሉ ለክቡርነትዎ አመልክተዋል። ማሽኑን መስጠቴ እውነት ነው። የምተዳደረውም በእሱ ነው፤ በረዶ ሲጥል ቢግ ቤር ተራራ ወጥቼ በረዶ የዘጋውን የሰው ደጅ እከፍታለሁ። የቀረው ግን ውሸት ነው፤ ያውም የሚያስጠይፍ ውሸት።

2. አቶ አድማሱ ልጄን ክርስትና ያነሱ አበልጄ ናቸው። «ለአንድ ቀን ስጪኝ» ሲሉኝ አበልጅን ለምን ብሎ መጠየቅ ነውር መስሎኝ ዝም ብዬ ሰጠሁ። ልጆች ይዘው በረዶ ሊያሳዩ የሚወጡ ነበር የመሰለኝ። እሳቸው ለካ ገና ከተከበረበት አዳራሽ መኪና ማቆሚያም አልወጡ፤ ለበዓሉ የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ሊጠርጉበት ኖሯል!

3. እርጥቡ ቄጠማ የማሽኑ ጥርስ ላይ እንደ ገመድ ተጠመጠመ። አብሮት ፈንዲሻ፣ የተጋጠ የዶሮ አጥንት፣ ወጥ የነካው ሶፍት ገባ። ያላነቀው ደግሞ በማሽኑ አንገት ወጥቶ ነጭ የለበሰ እንግዳ ላይ ተረጨ። ከዚያ እንደቆሸሸ ደጄ ላይ ጥለውልኝ ሄዱ። ያን ሁሉ የበሰበሰ ነገር በእጄ የጎለጎልኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ይደረግልኝና አስመልሶኛል፤ ሽታው ዛሬም ከጥፍሬ አልወጣም። የተሰበረውን ብሎን ቀይሬ ማሽኑ በተነሳ ማግስት ክሱ መጣ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኸው ነው።

4. ክሱ እስኪታይ ማሽኑ ማስረጃ ነው ስለተባልኩ፣ የሽማግሌ ቃል አክብሬ ለማኅበሩ መጋዘን አስረከብኩ። እሑድ ተራራው ላይ በረዶ ወረደ። እዚያ ብቻቸውን የሚኖሩት እትዬ አምሳለ ለኩላሊት እጥበት የሚወጡት ደጃቸውን በዚሁ ማሽን ስከፍትላቸው ነው፤ ሌላ ማሽን የለኝም። ሰኞ ከልጄ ከማቲያስ ጋር በአካፋ ስንታገል ሰዓቱ አለፈባቸው። በመስኮት እያዩን «ተዉት ልጆቼ፣ ደከማችሁ» አሉን። እኔ እዚያው በረዶው ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ቀጣዩ እጥበታቸው ነገ ጠዋት ነው።

ካሳ አልጠይቅም፣ ይቅርታም አልፈልግም። ማሽኑ ብቻ ሳይመሽ ይለቀቅልኝ።

ይህን በመጻፍ ላይ ሳለሁ አቶ አድማሱ ደወሉ። ክሱን ሊያነሱ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ስልኩን አነሳሁ። «ውቤ፣ ማሽኑ ፊክስ ሆነ አይደል? ሶ፣ ለጥምቀት ከመጋዘኑ ፒክ አፕ አደርገዋለሁ፤ ዘንድሮ ቄጠማው ይበዛል» አሉኝ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ የመጋዘኑን ቁልፍ ለእኔ እንጂ ለአበልጄ እንዳይሰጡ በእትዬ አምሳለ ስም እለምናለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣ ሽታው ባልለቀቀው እጄ የፈረምኩ

ውብነሽ ጳውሎስ