የግራ እጅ ስፌት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
አውቶቡሱ ለጥቂት አመለጠኝ። ክርና ገበር ልገዛ ነበር። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ ሄደ... እየተነጫነጭኩ ተመለስኩ። ጎረቤቴ ሬዲዮ (ስሙን ያወጣላት ባለቤቴ ነው፣ ነፍሱን ይማረው) ደረጃው ላይ ቆማለች።
«ምነው፣ ወጣሽ ገባሽ?»
«አመለጠኝ።»
«እግዜር ያስቀረሽ ለምክንያት ነው።»
ለሷ መብራት ሲጠፋም ለምክንያት ነው።
ማሽኑን ዘይት ስቀባ በሩ ተንኳኳ። አንዲት ወጣት፣ ገበሩ የተቀደደ የሴት ካፖርት ይዛ። «የእናቴ ነው፤ ብርዱ ሳይጠና ይድረስልኝ» አለች። ተቀበልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5
ገበሩን ልፈታ ካፖርቱን ገለበጥኩት። እጄ ቀጥ አለ። የእጅጌው ስፌት ወደ ግራ ያጋድላል። እንዲህ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ ከጎኑ ተቀምጬ ቁልፍ ስተክልለት የኖርኩት። ባለቤቴ በግራ እጁ ነበር የሚሠራው።
ካፖርቱ የእትዬ ነው። የታላቅ እህቱ፤ ሲሰፋላት ቁልፉን የተከልኩት እኔ ነኝ። ልጅቷ ከእናቷ ጋር ሳንቆራረጥ ሕፃን ነበረች፤ እሷም አላወቀችኝ፣ እኔም አላወቅኋት።
ከእትዬ ጋር በማይረባ ነገር ተኳርፈን ነበር። እሱ ሲያርፍ መርዶ ሳልልክባት ቀረሁ። ከቀብር በኋላ ከሰው ሰማች። ወንድሟን ሳትሸኝ... ምን ዓይነት ልብ ነበር የያዝኩት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ካፖርቱ እንደተሰቀለ ነው። ሬዲዮን «ስጨርስ ለእትዬ አድርሺልኝ» አልኳት።
«እኔ? እግሬን ብታምኚ አፌን አትመኚው። ይልቅ ራስሽ ውሰጂው።»
መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩ። ፊደል የለየሁት ጨርቅ በተጠቀለለበት ጋዜጣ ነው፤ ዛሬም በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ስንት ዘመን እግዜርን ምልክት ስጠኝ አልኩት። ነጎድጓድ ነበር የጠበቅኩት። እሱ የተቀደደ ገበር ላከልኝ። አውቶቡሱ ላይ ብደርስ ኖሮ ልጅቷ በሬን ተዘግቶ አግኝታ ወደ ሌላ ልብስ ሰፊ ትሄድ ነበር...
ሬዲዮ እንዳትሰማኝ እንጂ፣ ልክ ነበረች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ትናንት የገዛሁትን አዲስ ገበር አስገባሁ። በሥራችን ገበር ሲቀየር አሮጌው ክር አንድም ሳይቀር ይወጣል፤ ባለቤቴ በዚህ ቀልድ አያውቅም ነበር። እኔ ግን የግራውን እጅጌ ጫፍ አልፈታሁትም። አዲሱን ጨርቅ አስጠግቼ ሰፋሁት። አያምርም። ቢያይ ይቆጣ ነበር። ይቆጣ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10
ካፖርቱን ይዤ ቤቷ ሄድኩ፤ በሩን የከፈተችው ራሷ እትዬ ናት። ፀጉሯ ነጭ ሆኗል።
«አንቺ ነሽ?»
«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»
ካፖርቱን ተቀበለችኝ። እጅጌውን ገለበጠችው። ዓይኗን ዛሬም ምንም አያልፈውም።
«ይህችን ሳትፈቺ ትተሻታል።»
«የሱ እጅ ናት።»
አውራ ጣቷን ስፌቱ ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።
«መርዶዬን ከጎዳና መስማቴን አልረሳሁም» አለች።
«አውቃለሁ።»
«የኔም አፍ አፍ አልነበረም...» በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችው። «ግቢ እንግዲህ። ብርድ አታስገቢብኝ።»

ዓርብ፣ ኅዳር 6
ዛሬ ገበር ልገዛ ስወጣ፣ ልትጠይቀኝ የመጣችው እትዬ አብሬሽ ካልሄድኩ አለች። ካፖርቷን ለብሳ፣ ክንዴን ይዛ፣ ቀስ እያልን። ስለ እሱ ልጅነት ታወራለች። በቀኙ እንዲጽፍ ግራ እጁን ከወንበሩ ጋር በገመድ ያስሩት ነበር አሉ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ነግሮኝም አያውቅም።
ፌርማታው አጠገብ ስንደርስ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው።
«እኔን ተይኝና ሮጠሽ ያዢው» አለች።
ያው ሹፌር በመስታወቱ አየኝ። በእጄ ሂድ አልኩት። አግዳሚው ላይ ተቀመጥን።
«ከዚያስ፣ እትዬ? ሲያስሩት ምን አደረገ?»
«በቀኙ ገመዷን ፈታት» አለች። «ቀኝ እጁ ለዚያች ብቻ ነበር የሚሠራለት።»